ቀዳዳውን ማን ደፈነው?

ባለፈው ማክሰኞ፣ ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ውስጥ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ካለ አንድ ጋራዥ በር ላይ ቆሜ የልጅ ልጄን መኪና ስጠብቅ፣ የቀለጠ ሬንጅ ሸተተኝ። የጎረቤቱ አፓርትመንት ጣራ ያፈስ ኖሮ ሠራተኞች ወጥተው ይደፍኑታል። ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን ይዞ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር፤ እኔ የበሩን ብረት ይዤ ቆምኩ። ሬንጅ በሸተተኝ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። ሠላሳ ዓመት ገደማ አብሮኝ የኖረ ጥያቄ ነው፤ ብናገረው ይስቁብኛል ብዬ ባለቤቴን ጨምሮ ለማንም በቅጡ አልነገርኩም። ቀዳዳውን የደፈነው ማን ነው? እኔ ነኝ ወይስ ተክሌ? ነገሩ የመኪና ቀዳዳ ነው። በዚያ ቀዳዳ ሰበብ ግን አንድ ወዳጅና የምበላበትን አንድ ቤት አጥቻለሁ። ሳልሞት ይህን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ተክሌን ያወቅኩት ታክሲ ስነዳ ነው። ኤርፖርቱ ያኔ ለከተማው ቅርብ ነበር፤ አውሮፕላኑ አናታችን ላይ ሲያልፍ የኮልፋክስ ጎዳና መስኮቶች ይንጫጩ ነበር። ወይስ አዲሱ ኤርፖርት ተከፍቶ ነበር? እዚህ ላይ ይምታታብኛል። ተራ የምንይዝበት ሜዳ ግን አሁንም ፊቴ ላይ ነው። የመኪናው ኮፈን ላይ ካርቶን ዘርግተን በቆርኪ ዳማ እንጫወታለን፣ ተራው ሲደርስ ቆርኪው እንደተደረደረ ለሌላው ትተን እንሮጣለን። ተክሌ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢሙን የሚንከባከብ ሰው ነበር። የአስመራ ልጅ ነው፤ በአማርኛ ስለተማረ አማርኛው ከእኔ የጠራ ነው፣ ስሳሳት ያርመኝ ነበር። ሲቆጣ ብቻ «ሓወይ» ይለኛል። ወንድሜ ማለቱ ነው፤ እሱ ወንድሜ ካለኝ ነገር እንደመጣ አውቃለሁ። ባለቤቱ ለተብርሃን ዳውንታውን ያለ አንድ ሆቴል ምድር ቤት አንሶላ ትተኩሳለች። ትንሽዬ ሴት ናት፣ ድምፅዋ ግን ከቁመቷ ይበልጣል። ከኮልፋክስ ጀርባ፣ ግማሽ መብራቱ ከጠፋ ሞቴል አጠገብ ሁለት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። የእኔ ባለቤት ከልጆቻችን ጋር ገና አገር ቤት ነበረች፤ ወንደላጤ ነበርኩ ማለት ይቻላል። መጀመሪያ እሁድ እሁድ እነሱ ቤት እበላ ጀመር፤ ቀጥሎ ቅዳሜ ተጨመረ፤ በመጨረሻ ሳልመጣ ስቀር ለተብርሃን ስልክ ደውላ «ምን ሆነህ ነው? ታመምክ?» የምትለኝ ሆነ። እኔ በጸሎት ቤት ያደግኩ ሰው ነኝ፣ እነሱ የኦርቶዶክስ ልጆች ናቸው፤ በጾም ወቅት ለእኔ ለብቻዬ እንቁላል ትጠብስልኝ ነበር፣ ፊቷን አዙራ።

ያ ዘመን ደስ ይለኝ ነበር። ስናወራው ችግር ችግሩን ነው የምናወራው፣ ደስ ይለኝ ነበር ግን። ጋሎን ቤንዚን ከአንድ ዶላር ብዙም አያልፍም። የአስራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ሹፌሮች ፊታችንን ያውቁናል። ኮልፋክስ ላይ የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ጥግ አንድ የሕዝብ ስልክ ነበረ፤ የስልክ ካርድ ይዘን ተራ እንጠብቃለን፣ አንዱ አገር ቤት ደውሎ ሲያለቅስ ሌሎቻችን ወደ መንገዱ ዞረን እንቆማለን። ሁላችንም ትከሻው በስፖንጅ የተነፋ ኮት እንለብሳለን፤ አሁን ፎቶውን የልጅ ልጄ ሐና ስታየው «አባባ፣ ፉትቦል ፕሌየር ትመስላላችሁ» ትላለች፤ ትከሻቸውን አሳብጠው የሚጫወቱትን የአሜሪካኖቹን ማለቷ ነው። ታክሲዎቻችን ከፖሊስ ጡረታ የወጡ ሰፋፊ መኪኖች ነበሩ። ነጩን ቀለም በቢጫ ቀብተው ነው የሸጡልን። በሩ ሲዘጋ ድምፁ የባንክ ካዝና ነው። በካሴት ማጫወቻው አንድ ጊዜ አማርኛ፣ አንድ ጊዜ ትግርኛ እንሰማለን፤ ካሴቱ ሲያልቅ የሚገለብጠው ሰው ተራውን ያውቃል። እንግዲህ ይህን ካሴት ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልገኛል።

ዴንቨር ውስጥ መኪና አይዝግም ይላሉ፤ አየሩ ደረቅ ነው ብለው። እውነታቸውን ነው። ጧት በረዶ ይጥላል፣ ከሰዓት ፀሐይ ትወጣና ሰው በሸሚዝ ይሄዳል፣ ማታ ደግሞ የቀለጠው ሁሉ መልሶ ይረጋል። እኛ ግን እንጀራችን ተራራው ላይ ነበር። ከኤርፖርት የበረዶ መንሸራተቻቸውን የተሸከሙ ፈረንጆችን ጭነን ሽቅብ እንወጣለን። እዚያ አስፋልቱ ላይ አሸዋና ጨው ይበተናል፤ ኋላ ኋላ ደግሞ በረዶው ሳይጥል ቀድሞ የሚረጭ ፈሳሽ ጨው መጣ። ያ ነገር ከመኪናው ሆድ ሥር ይለጠፋል። ደረቀ ስትሉት አየሩ ላይ ያለችውን እርጥበት ስቦ መልሶ ይረጥባል። ከላይ መኪናውን አጥበን እንደ ሙሽራ እናብለጨልጨዋለን፤ ከታች ግን ቀስ እያለ ይበላል። ዝገት እንዲህ ነው፤ ፊት ለፊት አይመጣም።

ታዲያ ተራ በምንጠብቅበት ሜዳ ላይ የዝገት መድኃኒት የማያውቅ ሹፌር አልነበረም። እኔ የማውቀው የአዲስ አበባውን ነው፤ ላቫጆ የገባ መኪና ሲታጠብ ከሥር ናፍጣ ይረጭለታል። ተክሌ የአጎቱን የጭነት መኪና ያነሳል። ከምጽዋ አስመራ ስትመላለስ የተቃጠለ ዘይት እየተቀባች የባሕሩ ጨው ሳይነካት አረጀች ይላል። አንድ መከር ላይ የአፓርትመንቱ ተቆጣጣሪ ጣራ ሲያስጠግን የተረፈውን የሬንጅ ባልዲ ምድር ቤት ትቶት አገኘን። ውሰዱት አለን። ሬንጅ ጣራ ላይ ውሃ የሚከለክል ከሆነ ከመኪና ሥር ምን ያቅተዋል ብለን አሰብን። ይህን እኔ ልበለው እሱ ይበለው እንኳ አላውቅም፤ ያኔ እኔና እሱ ስናስብ አንድ ላይ ነበር የምናስበው።

ከመኪና ሥር የሚገባ ሰው የሚለብሰው አንድ ካፖርት ነበረን። ቡናማ ነው፣ ወፍራም፣ ኮልፋክስ ላይ ካለ ያገለገለ ልብስ መሸጫ በጋራ የገዛነው። የሚገባ ይለብሰዋል፣ ሲወጣ አውልቆ ለሚቀጥለው ይሰጠዋል። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ፀሐይዋ ታሳሳለች፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መኪናው ላይ ይወድቃል። ከአፓርትመንቱ ጀርባ ሁለቱን ታክሲዎች በድንጋይና በክሪክ አንስተናቸዋል። በዚያው ቀን ለተብርሃን የቤቱን መስኮቶች በላስቲክ ትሸፍናለች፣ ከበሩ ሥር ፎጣ ትጠቀጥቃለች። ልጃቸው ዮናስ ተወልዶ ይሁን ገና ይሁን እዚህ ላይ ይጠፋብኛል። እንግዲህ እኛ አገር ብርድ ማለት የአየር ጠባይ ብቻ አይደለም፣ በሽታ ነው። በጠራራ ፀሐይ አውቶቡስ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ላይ መንገደኛው ሁሉ የሚጮህበት አገር ልጆች ነን። ትከሻውን ያመመው ብርድ መትቶት ነው፣ ፊቱ የተጣመመው ብርድ መትቶት ነው። በአስመራም በአዲስ አበባም ይህ አንድ ነው፤ በዚህ እንኳ ተለያይተን አናውቅም። ያን ቀን ቀዳዳ የሚባል ነገር ሁሉ ጠላታችን ነበር።

በራሴ ውስጥ ያለው ሥዕል ይህ ነው። እኔ ቆሜያለሁ፣ ሬንጅ የሞላ ጣሳ ይዣለሁ። ካሴቱ ይጮኻል። ከመኪናው ሥር ቡናማ እጅጌ ይወጣና መዳፉን ይዘረጋል። ሽታው ስለሚያፍን ሥር ያለው ሰው አፉን በሻርፕ ጠምጥሟል፣ ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ ነው። «ይኼ ሁሉ ቀዳዳ ምንድን ነው? ብርድ ይመታዋል! ይደፈን!» ይላል። እኔ ጣሳውን አቀብላለሁ። ያ እጅጌ የተክሌ ነው። ለሠላሳ ዓመት የተክሌ ነበር።

ሁለት ክረምት አለፈ። መኪናዬን ጎንበስ ብዬ ባየሁት ቁጥር ሬንጁ እንደተወለወለ ጫማ ያበራል፣ እኔም ኮራ እላለሁ። አንድ ቀን ኤርፖርት ላይ የመንገደኛ ሻንጣ ስጭን የታክሲው ኋላ ድምፅ አሰማና ቁጭ አለ። ልክ እንደደከመው በሬ። ጋራዥ ሰቅለው ሲያዩት መካኒኩ ሬንጁን በመፍቻ ነካ አደረገው፤ ሻንሲው፣ መኪናውን ከሥር የሚሸከመው ብረት፣ እንደ ብስኩት ተፈረፈረ፣ ከውስጡ ጭቃ የመሰለ ውሃ ወረደ። ሻንሲው ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ውሃ እንዲወጣባቸው ሆን ተብለው የተሠሩ ናቸው አለኝ። የደፈናቸው ሰው ጨውና ውሃውን ከውስጥ ቆልፎበታል። ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ የተክሌም ታክሲ በዚያው መንገድ ሄደች። አንድ ምሳ ሰዓት ኮልፋክስ ላይ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ፓርኪንግ ውስጥ ተገናኘን። እኔ «ደፍነህ ገደልከኝ» አልኩ፤ እሱ በዚያው አፍታ «ሓወይ፣ አንተ ነህ የገደልከኝ» አለ። ዓይን አውጥቶ ሲክድ ሳይ ደሜ ፈላ። የተባባልነውን ሁሉ አልጽፈውም። ሰው ከምግብ ቤቱ ወጥቶ ገላገለን። ከዚያ ቀን በኋላ አልተነጋገርንም።

አሁን የምነግራችሁ ግራ የሚያጋባው ክፍል ነው። በዚያን ጊዜ አገር ቤት አዲስ አበባና አስመራ በድንበር ነገር ተዋግተው፣ እዚህም ብዙ ወዳጅ ከወዳጁ ተኮራርፎ ነበር። የእኔንና የተክሌን ኩርፊያ ያየ ሁሉ «እነሱም!» አለ። ሽማግሌ ተላከ። ጋቢ የለበሱ አባቶች ሶፋዬ ላይ ተደርድረው ስለ ሁለቱ ሕዝቦች ወንድማማችነት፣ ስለ ደምና ስለ አጥንት ነገሩኝ፤ አንደኛው እንባውን በጋቢው ጠረገ። እኔ ምን ልበል? «አባቶቼ፣ የእኛ በሬንጅ ነው» ልበል? አፈርኩ። «ይሁን፣ ጊዜ ይፈታዋል» አልኳቸው። ተክሌም ቤት ሄደው ያንኑ ተናግረው እሱም ያንኑ መልስ ሰጥቷቸዋል አሉ። ጊዜው የሰው ሁሉ ኩርፊያ ሲፈታ፣ የሁለቱም አገር ሰው በየሠርጉ ሲተቃቀፍ፣ እኛ እንደቀረን ቀረን። እኔ ዳውንታውን የፓርኪንግ ጋራዥ ተቀጥሬ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ምድር ቤት የሰው መኪና ስጠብቅ ኖርኩ። እሱ ኦሮራ ውስጥ አዛውንቶችን ወደ ሐኪም የሚያመላልስ ቫን ነዳ። ለቅሶ ቤት ስንገናኝ በአገጭ ነበር ሰላምታችን። ለተብርሃን ከሩቅ እጇን ታነሳልኛለች፣ እኔም አነሳለሁ። ባለቤቴ ልጆቻችንን ይዛ መጥታ፣ የልጅ ልጆች ተወልደው፣ ቤቴ ሞልቶ እንኳ የዚያች ሁለት ክፍል ቤት ነገር አልወጣልኝም። እውነቱን ልናገር፣ ናፍቀውኝ ነበር።

ወደ ማክሰኞው ልመለስ። ሐና የመጀመሪያ መኪናዋን የገዛችው ከምሥራቅ በኩል፣ በረዶና ጨው ከሚበዛበት አገር ከመጣ ሰው ነው። ክረምቱ ሳይገባ ከሥር የዝገት መከላከያ ይቀባላት ተብሎ ቀጠሮ ተይዞ ነበር። «አባባ፣ ጀስት አንደርኮቲንግ ነው። ዋን አወር። ክላስ አለኝ፣ ፕሊስ» አለችኝ ቁልፉን እየሰጠችኝ። ቀጥላም «ፓርክ አድርጎ መጠበቅ ብቻ ነው፤ ዶንት ፋይት ዊዝ ኤኒዋን» አለች። ከማን ጋር ነው የምጣላው ብዬ ሳቅሁ። እናም ሬንጁ ሸትቶኝ የበሩን ብረት እንደያዝኩ፣ አንድ ከዘራ የያዘ ረጅም ሽማግሌ ከመኪና ወርዶ ወደ እኔ መጣ። ጢሙ ነጭ ሆኗል፣ ግን እንደተከረከመ ነው።

«ታደሰ» አለኝ።

«ተክሌ» አልኩት።

እሱም ወደ ሰማይ፣ ወደ ጎረቤቱ ጣራ አየ። ሽታው እሱንም እንደያዘው ገባኝ። ገብተን ሁለት ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ሌላ ወንበር ስላልነበረ ነው። የእሱ መኪናም ለዚያው ሥራ መጥታ ኖሯል፣ ከሐና መኪና ቀጥላ ተራ ይዛለች።

መካኒኩ ወጣት ነው፣ የዋህ ፊት ያለው። ሁለታችንን የአንድ ቤት ሰዎች አድርጎን መሰለኝ፣ ኑ እዩ ብሎ የሐና መኪና ወደተሰቀለችበት ሊፍት ሥር ወሰደን። መጀመሪያ አጥቧታል፣ ቀጥሎ በደንብ አድርቋታል፤ ከዚያ የሚረጨው ከበግ ጠጉር የሚወጣ ቅባት ነው አለን። ተክሌ «በግ?» አለ በአማርኛ፣ ለራሱ። ቅባቱ አይደርቅም፣ እንደ ቅቤ ለስላሳ ሆኖ ይቀመጣል፤ በየመከሩ ይታደሳል። ከዚያ ልጁ ባትሪውን ሻንሲው ላይ አበራና በእንግሊዝኛ እንዲህ አለን፦ «እነዚህን ቀዳዳዎች ታያላችሁ? ውሃው የሚወጣው በእነሱ ነው። ማንም ሰው እንዲደፍናቸው አትፍቀዱ።»

ተክሌ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ። አንተስ ሰማህ?»

«እኔማ ምን ልስማ! እኔ ደፍኜ አላውቅ።»

«ታዲያ ማን ነው የደፈነው? አባቴ?»

«ሓወይ!» አለ፤ ነገር መጣ። ከዘራውን ሲሚንቶው ላይ መታው። «እኔ ቆሜ ጣሳ ነው የማቀብልህ። ካፖርቱን ለብሰህ እጅህን የምትዘረጋው አንተ። ‹ብርድ ይመታዋል፣ ይደፈን› ያልከኝ አንተ። ዛሬም ድረስ ጆሮዬ ላይ አለ!»

የእኔን ሥዕል ነው የሚናገረው። ጣሳው፣ ቡናማው እጅጌ፣ ያቺው ቃል፤ አንድ ነገር ሳይቀር። እኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ ብቻ እሱ ቆሟል። መጀመሪያ አውቆ የሚሰርቀኝ መሰለኝ። ፊቱን ሳየው ግን የሚዋሽ ሰው ፊት አይደለም። ታዲያ እኔ ነኝ የምዋሸው? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለራሴ የነገርኩት የሰው ትዝታ ነው? ግራ ገባኝ፤ እንዲህ ግራ ተጋብቼ አላውቅም። መካኒኩ ቅባቱን መልሶ አስቀምጦ በዓይኑ አንዴ እኔን አንዴ እሱን ያያል።

«ቆይ፣» አልኩ። «ካሴቱን ታስታውሳለህ?»

«ይጮህ ነበር። እገለብጠው ነበር።»

«እኔም እገለብጠው ነበር። እሺ አንተ ውጪ ቆመሃል። እኔም ውጪ ቆሜያለሁ።»

«አዎ።»

«ታዲያ ከመኪናው ሥር የነበረው ማን ነው?»

ያን ጊዜ ሁለታችንም አንድ ሰው አሰብን፤ እንዴት እስከዛሬ እንዳላሰብነው ጌታ ይወቅ።

የሐና መኪና ተቀብታ ስትወርድ የእሱ ሊፍት ላይ ወጣች፤ ስለዚህ በሐና መኪና ሄድን። ቤታቸው ከዚያው ከፒዮሪያ ገባ ብሎ፣ ምድር ላይ ያለ አፓርትመንት ነው። በሩን ስንከፍት ለተብርሃን መስኮቱ ሥር ተንበርክካ ፎጣ ትጠቀጥቃለች። ፀጉሯ በሙሉ ሸብቷል። ቀና ብላ ሁለታችንን ጎን ለጎን ስታየን እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «በሩን ዝጉት፣ ብርድ ይገባል» ነው መጀመሪያ ያለችው። ከዚያ አቅፋኝ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ይደብቃል።

ተክሌ አላስጨረሳትም። «ለተብርሃን፣ አንድ ነገር ጠይቄሽ መልሺልኝ። ያን ጊዜ፣ ኮልፋክስ እያለን፣ የታክሲዎቹን ቀዳዳ በሬንጅ የደፈነው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ!» አለች።

አንዴ ተክሌን አንዴ እኔን አየችና ቀጠለች።

«ምነው? እናንተማ ሽታው ራሴን አመመኝ እያላችሁ ወጥታችሁ ቆማችሁ። ‹የእኔ እጅ ትንሽ ነው፣ ይገባል› አልኩና ካፖርቱን ለበስኩ። አንዳችሁ ጣሳ ስታቀብሉኝ አንዳችሁ ካሴት ልትገለብጡ ትሄዳላችሁ፣ ስትፈራረቁ ዋላችሁ። የቤቱን ሁሉ ቀዳዳ ስደፍን ውዬ የመኪናውን ልተወው?»

«ለምንድን ነው ያልነገርሽን?» አልኳት።

«ማን ጠየቀኝ? ሽማግሌ በሽማግሌ ላይ መጣ፣ ሁሉም ስለ አገር ያወራል። ስለ መኪና የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም።» ወደ ባሏ ዞረች። «አንተ መኪናው ዛገ አልከኝ። ታደሰን ከእንግዲህ አትጥሪው አልከኝ። ሁለቱን ምን ያገናኛቸዋል? እኔ በአገር የተጣላችሁ መስሎኝ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ዜና በሰማሁ ቁጥር ይስማሙ ብዬ ስጸልይ!»

ተክሌ ሶፋው ላይ ተቀመጠና ከዘራውን ጭኑ ላይ አጋደመ። ሳቀ መሰለኝ፤ ወይም ሌላ ነገር ነው። እኔ ደስ ይበለኝ ልዘን አላወቅኩም። መልሱን አገኘሁ። ተክሌ ንጹሕ ነው፣ እኔም ንጹሕ ነኝ፣ ጥፋተኛዋ እንቁላል ትጠብስልኝ የነበረች ሴት ናት፣ እሷም ያደረገችው እንዳይበርደን ብላ ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ዓመት የት ገባ? ማንን ልውቀስበት? ለተብርሃን «ራት በልተህ ነው የምትሄደው» አለችኝና ወደ ማዕድ ቤት ገባች። ከውስጥ የሽንኩርቱ ድምፅ መጣ። ያ ድምፅ እንኳ ናፍቆኝ ነበር።

የሐናን መኪና መጠለያው ሥር ላስጠጋ ብዬ ወጣሁ፤ ተክሌ ተከተለኝ። «እስኪ ቀዳዳዎቹን አይተን እንግባ፣ መካኒኩ ክፍት ትቷቸው እንደሆነ» አለ። ስልኩን አበራና ሁለት ሽማግሌዎች ፓርኪንጉ ላይ ተንበረከክን። የትናንቱ በረዶ ጥጉ ላይ ገና አልቀለጠም። ቅባቱ ያብለጨልጫል። ቀዳዳዎቹ ክፍት ናቸው፣ አንድም አልተደፈነም። እንደተንበረከክን ተክሌ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ታደሰ።»

«አቤት።»

«በዚያ መከር ለተብርሃን ዮናስን አርግዛ ነበር። ወሯ ገብቶ ነበር።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ይመስለኛል። ወይስ የሚቀጥለው መከር ነው?» ጢሙን አሻሸ። «በዚያ ሆድ ከመኪና ሥር እንዴት ትገባለች?»

እኔም ለማስታወስ ሞከርኩ። ዮናስን አቅፌ አንድ መስኮት አጠገብ ቆሜ ውጪ በረዶ ሲጥል ይታየኛል፤ የትኛው በረዶ ነው? የየትኛው ዓመት? መስኮቱ ላይ ላስቲክ ነበረ፣ አልነበረም? ወደ ማዕድ ቤቱ መስኮት አየሁ። ለተብርሃን ልታስታርቀን ብላ ፈጥራው ይሆን? ጥያቄውን ስትሰማ አንዴም አላሰበችም፣ እንዲያው «እኔ ነኛ» ነው ያለችው። ካፖርቱን፣ ካሴቱን፣ ጣሳውን ግን ማን ነገራት? ተክሌ ነግሯት ይሆናል። ወይም እውነት ነው።

«እንጠይቃት?» አልኩት።

ተክሌ የስልኩን መብራት አጠፋ። «አንጠይቃትም» አለ። «እኔ ነኝ ካለች እሷ ናት። ሓወይ፣ በቃ።»

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሓወይ ብሎኝ ነገር አልመጣም። እጄን ያዘኝ፤ መነሳት አቅቶኝ ስለነበር ይሆናል፣ አላውቅም። ያኔ መስኮቱ ተከፈተና የለተብርሃን ድምፅ፣ ከቁመቷ የሚበልጠው ድምፅ፣ ፓርኪንጉን ሞላው።

«እናንተ ሰዎች! እዚያ ተንበርክካችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ብርድ ይመታችኋል! ግቡ!»

ተክሌና እኔ ራሳችንን ከመኪናው ሥር አውጥተን ተያየን። ያቺን ቃል፣ በዚያች ድምፅ፣ ሠላሳ ዓመት ስንሰማት ኖረናል። ወይም እንደዚያ መሰለን።

ተደጋግፈን ገባን። በሩን የዘጋው ግን እኔ ልሁን እሱ፣ አሁን አላስታውስም።